ከ70 በመቶው ውስጥ እኛም አለን

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ ልጆቻችንም፣ እንኳን ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በሰላም መጣችሁ። በዚህ ዝናብ ብስክሌት እየነዳችሁ ለመጣችሁ ደግሞ ድርብ ምስጋና ይድረሳችሁ። ወጡ እየሞቀ ነው። ሽታው ሳያሸንፈን ቶሎ ልናገር።

ከዚህ መድረክ ላይ ስለ መዋጮ፣ ስለ በዓል ዝግጅትና ስለ ልጆቻችን አማርኛ ስንነጋገር ኖረናል። ዘንድሮ ስለ ቤት ላወራ ነው። ቡና ላይ ስንገናኝ ጨዋታው የትም ቢጀመር መጨረሻው ቤት ነውና። ልጄ ሥራ ይዛም ሳሎን ነው የምትተኛው። ኪራይ ጨመረ። መታጠቢያ ቤቱ ሻገተ። ፍላታችን ሊታደስ ነው፣ የለም ሊፈርስ ነው አሉ። ይህ ሁሉ ቡና ላይ ተጀምሮ ቡና ላይ ያልቃል። ጉዳዩ የሚወሰነው ግን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ እኛ የለንም።

ይህ የምንኖርበት የአምስተርዳሙ ሰፈር ባይልመር እንዴት እንደተሠራ ለልጆቹ ስል ትንሽ ልበል። ግንባታው የተጀመረው በ1966 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በ1968 ገቡ። ባለ አሥር ፎቅ፣ እንደ ማር እንጀራ የተጠማዘዙ ረጃጅም ፍላቶች። መኪናው ከፍ ባለ መንገድ፣ እግረኛው ከታች በሣር መካከል። የፍላቶቹ ስም እንኳ በፊደል ተደልድሏል። ካ ሰፈር ከሆናችሁ ክሮይትበርኽ፣ ኪከንስታይን፣ ክላይቡርኽ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። አዲስ የመጣ ሰው በፊደሉ ቤቱን ያገኛል፤ ታክሲ ነጂው ግን እስከ ዛሬ ይጠፋበታል።

ሲሠራ የታሰበው ለአምስተርዳም መካከለኛ ኑሮ ቤተሰቦች ነበር። እነሱ ግን ጓሮ ያለው ቤት ፈልገው ወደ ፑርመረንድና ወደ አልሜሬ ሄዱ። ፍላቶቹ ባዶ ቀሩ፤ ኪራዩም ውድ ነበር። የሆላንድ ቅኝ ግዛት የነበረችው ሱሪናም በ1975 ነጻ በወጣችበት ጊዜ አካባቢ ብዙ ሰው ከዚያ መጣ። ቤት ባዶ እያለ ለሱሪናም ሰው መስጠት ላይ ማንገራገር ነበር። በ1974 ሱሪናማውያን ቤተሰቦች ኽሊፕሁቨ በሚባለው ፍላት ባዶ ቤቶች ውስጥ ሰብረው ገቡ። አድርጉት እያልኳችሁ አይደለም፤ ሊቀ መንበራችን ቤት ስበሩ አለ ብላችሁ እንዳታስወሩብኝ። ዛሬ ከ130 አገር በላይ የመጣ ሰው ይኖርበታል የሚባለው ይህ ሰፈር ግን ማንም ፈቅዶልን የሆነ አይደለም። ቀድመውን የመጡት ሰዎች ተከራክረው ነው በሩን የከፈቱት።

ጋናውያኑንም እዩ። የጸሎት ቦታ ሲያጡ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሰበሰቡት። ሲጠይቁ፣ ሲመላለሱ ቆይተው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገለገሉበት ደ ካንደላር የተባለው ሕንጻ በ2007 ተከፈተ። ለምኖ ሳይሆን ስብሰባ ገብቶ የተገኘ ነው።

ከ1992 ወዲህ ሰፈሩ ይፈርሳል፣ ይታደሳል። ብዙዎቹ ትልልቅ ፍላቶች የሉም። ክላይቡርኽን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ 400 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን። ሊፈርስ ነበር። በአንድ ዩሮ ተሸጠ፤ የገዙት ሰዎች ባዶ ቤቱን ለግለሰቦች ሸጡ፤ እያንዳንዱ ገዢ የራሱን ቤት ውስጡን ሠራ። በ2017 የአውሮፓን ትልቁን የሥነ ሕንጻ ሽልማት፣ ሚስ ቫን ደር ሮን አገኘ። ግሩም ሥራ ነው፤ አልነቅፍም። ግን ልብ በሉ፣ ቀድሞ የኪራይ ቤት ነበር፣ አሁን የባለቤቶች ነው። ፎቶ አንሺው ሲመጣ የቀድሞ ተከራይ እዚያ የለም።

እንግዲህ ዋናው ጉዳዬ እዚህ ላይ ነው። ቤት የሚያከራየን የቤቶች ኮርፖሬሽን አሥርና ከዚያ በላይ ቤቶችን አንድ ላይ ሊያድስ ሲፈልግ ለተከራዮቹ ጽፎ ይጠይቃል። ደብዳቤው ወፍራም ነው፤ መጨረሻ ገጹ ላይ የመስማሚያ ፊርማ ቦታ አለ። ከተከራዮቹ 70 በመቶ ከተስማሙ ሐሳቡ ተገቢ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ያልተስማማ ሰው በስምንት ሳምንት ውስጥ ዳኛ ዘንድ መሄድ አለበት። ብዙዎቻችን ምን እናደርጋለን? ደብዳቤውን ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ሰማያዊ ፖስታ ጋር መሳቢያ ውስጥ እንከታለን። ወይም አንድ ትሁት ወጣት በር ያንኳኳል፣ ቡና እናቀርብለታለን፣ እኛም እንፈርምለታለን። ኪራዩ በስንት እንደሚጨምር፣ ሥራው ሲካሄድ የት እንደምናድር፣ ከታደሰ በኋላ ወደ ቤታችን መመለስ እንደምንችል ሳንጠይቅ። ቤቱ የሚፈርስ ከሆነ ወይም ለእድሳት መውጣት ግድ ከሆነ ሕጉ የቤት መቀየሪያ ካሳ አስቀምጧል፤ ከ7,000 ዩሮ በላይ ነው፣ መንግሥት በየዓመቱ ይወስነዋል። ይህን የማያውቅ ሰው አመስግኖ ይወጣል።

ከፊርማው በፊት ደግሞ ሌላ ደረጃ አለ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ካለ ኮርፖሬሽኑ ዕቅዱን ለኮሚቴው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ኮሚቴውም ምክሩን ለመስጠት ቢያንስ ስድስት ሳምንት አለው። ነገሩ የሚለዝበው ያኔ ነው። ደብዳቤው እጃችሁ ከገባ በኋላ የቀረው እሺ ወይም እምቢ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ማን አለ? ሁለት ሱሪናማውያን እናቶች፣ አንድ ጋናዊ፣ ውሻ የሚያንሸራሽር አንድ የሆላንድ ሽማግሌ። እኛስ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን ቤት ተቀምጠናል።

እኔ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ለቅሶ ሲሆን ከዴን ሃግም ከኡትሬክትም በአንድ ሌሊት ባቡር ሞልተን እንመጣለን። እድር ላይ የቀረ ይቀጣል፣ ሒሳቡ በሳንቲም ይያዛል፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ሁሉም ያውቃል። እንደ እኛ መደራጀት የሚችል ሕዝብ የት አለ? በራሳችን ፍላት ስብሰባ ሲጠራ ግን አንድ ሰው አይታይም።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ቋንቋው ይከብዳል። የሌሊት ፈረቃ አለ። ከሁሉ በላይ ፍርሃት አለ፣ ብናገር ቤቴን ይቀሙኛል የሚል። ወገኖቼ፣ በዚህ አገር አከራይ ያለ ዳኛ ውሳኔ ተከራይን ከቤቱ አያስወጣም። ሻጋታ አለ ብላችሁ ጻፉ። ባለፈው ክረምት አንዲት እህታችን ቤት ሄጄ ነበር። ከልጆቹ አልጋ በስተጀርባ ግድግዳው ጥቁር ሆኗል፤ ቁም ሣጥኑን ስንስበው ጀርባው ረጥቦ ተልጧል። የተላከው ባለሙያ በጣቱ ነካ አድርጎ «ብዙ ትቀቅያለሽ፣ መስኮት ክፈቺ» ብሏት ሄደ። እውነት ነው፣ ሽሮው ይንተከተካል። ግን መኝታ ቤት ውስጥ ማን ሽሮ ይሠራል? በጽሑፍ አመልክታችሁ በስድስት ሳምንት ካልተስተካከለ የተከራይና የአከራይ ክርክር የሚያየው ሁርኮሚሲ ዘንድ መሄድ ትችላላችሁ። ለተከራይ 25 ዩሮ ነው፤ ከረታችሁ ይመለሳል። ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ኪራዩን እስኪጠገን ድረስ ሊያስቀንስ ይችላል። የጽዳትና የመብራት ክፍያ ዝርዝርም በየዓመቱ እስከ ጁላይ 1 ሊደርሳችሁ ይገባል። ካልመጣ ጠይቁ።

መቼም ስለ ግዴታችንም ሳልናገር አልወርድም። የጭስ ማስጠንቀቂያው ከ2022 ጀምሮ በየወለሉ ግዴታ ነው። ቡና ስንቆላ ይጮሃል፤ አውቃለሁ፣ የእኔም ይጮሃል። ባትሪውን አውጥታችሁ መሳቢያ አትክተቱት። ቡናውን በረንዳው ላይ ቁሉት፤ ጎረቤት ሽታው ጠርቶት ሲመጣ አንድ ስኒ ስጡት፣ የኮሚቴ አባልነት ወሬ ከዚያ ይጀመራል።

ሌላው እንግዳ ነው። ዘመድ መጥቶ ሦስት ወር፣ ከዚያ ዓመት ይሆናል። እንግዳ አንመልስም፤ ባህላችን ነው። ግን አድራሻ ላይ ያልተመዘገበ ሰው ችግር አለበት፤ የተመዘገበ ሰው ገቢ ደግሞ ሁርቱስላኻችሁን፣ ማለትም የመንግሥት የኪራይ ድጎማችሁን ይነካል። አስቀድማችሁ አስሉት፣ ጠይቁ። ቤታችሁን ለሌላ ማከራየት ግን አይቻልም፤ ቤቱን የሚያሳጣችሁ እሱ ነው። በኦክቶበር 4 ቀን 1992 የእቃ ጫኝ አውሮፕላን እዚህ ሰፈር ፍላቶች ላይ ሲወድቅ 43 ሰው ሞተ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተፈራው ቁጥር ከ200 በላይ ነበር፤ ማን የት ይኖር እንደነበር በትክክል የሚያውቅ ስላልነበረ። መዝገብ ላይ መኖር የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ወጣቶች፣ ስልኩን ለአንድ ደቂቃ። 18 ዓመት የሞላው ሁሉ የኪራይ ቤት ፈላጊ በሚመዘገብበት ድረ ገጽ በዎኒንግኔት ዛሬውኑ ይመዝገብ፤ ምዝገባውንም በየዓመቱ ያድስ። እዚህ አካባቢ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ይጠብቃል። ከ2023 ጀምሮ ግን ነገሩ በነጥብ ሆኗል። መጠበቅ በዓመት አንድ ነጥብ ነው። መፈለግ ግን በወር አንድ ነጥብ ያስገኛል፤ በወሩ ቢያንስ አራት ቤት ካመለከታችሁ ማለት ነው። እስከ 30 ነጥብ ይጠራቀማል። ካቆማችሁ ይቀንሳል። ወላጆች፣ ልጃችሁን «ተራህ ይደርሳል» እያላችሁ አታስቀምጡት።

ስለዚህ የዘንድሮው ሐሳቤ አንድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። አባሎቻችን ካሉበት ከየፍላቱ ሁለት ሰው ነዋሪዎች ኮሚቴ ይግባ። አንዱ ደች የሚችል ወጣት፣ አንዱ ሰፈሩን የሚያውቅ ትልቅ ሰው። ማኅበሩ የትራንስፖርቱንና የሕፃናት ጠባቂውን ወጪ ይሸፍናል። በስብሰባ የቀረ ደግሞ እንደ እድሩ ይቀጣ ብላችሁ ብትወስኑ እኔ አልቃወምም።

በግራ በኩል ያለውን ጠረጴዛ አያችሁት? ከምሳ በኋላ ሁለት ልጆቻችን እዚያ ይቀመጣሉ። ያልከፈታችሁትን ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ፤ አብረው ያነቡላችኋል። ቤት የረሳችሁት ካለ ሄዳችሁ አምጡት፤ ሜትሮው አለ። አሁን ሒሳብ ያዣችንን ልጋብዝ፤ እሷ ከእኔ አጭር ነች።