ዱካክና አንጎል

ክቡራን የሃይማኖት አባቶች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ወጣቶችና እንግዶች፤

እንድናገር የተጋበዝኩት ሰው ከተፈጥሮ በላይ ናቸው በሚላቸው ነገሮች ላይ ያለውን እምነት የአንጎል ሳይንስ እንዴት እንደሚያየው ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ከመካከሉ ሁላችንም በስሙ የምናውቀውን ዱካክን መርጫለሁ። ሰውየው ሌሊት ይነቃል፤ ክፍሉን ያያል፤ እጅና እግሩ ግን አይታዘዙትም። ደረቱ ላይ ከባድ ነገር ተጭኖታል፤ ሊጮህ ሲሞክር ድምፁ አይወጣም፤ በራስጌው ወይም በበሩ በኩል አንድ አካል መቆሙን ያለ አንዳች ጥርጥር ያውቃል። ይህን የሚነግረን ሰው አልዋሸም፤ አላበደምም። ይህን ካልተቀበልን የቀረው ንግግሬ ሁሉ ስድብ ይሆንበታል።

እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተኛ ሰው ዓይኖች ከቆባቸው ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት የእንቅልፍ ምዕራፍ እንዳለ አሳወቁ። ጉልህ ሕልም በብዛት የሚታየው በዚህ ምዕራፍ ነው፤ በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተመለሰ ይመጣል፤ ወደ ንጋት ሲቃረብም ይረዝማል። በዚህ ጊዜ ከአንጎል ግንድ የሚነሣ ትእዛዝ በሕብለ ሰረሰር ወርዶ፣ ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ግላይሲንና ጋባ በሚባሉ ኬሚካሎች ዝም ያሰኛቸዋል፤ ባያሰኛቸው ኖሮ በሕልሙ የሚሮጥ ሁሉ ከአልጋው ተነሥቶ በሮጠ ነበር። ዱካክ የሚባለው ንቃት ቀድሞ ሲደርስና የጡንቻው እግድ ሳይነሣ ሲዘገይ የሚፈጠረው ሁኔታ ነው።

ክብደቱም ከዚሁ ይመጣል። በሕልም እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚሄደው በዋናነት ደረትን ከሆድ በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም ነው፤ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ከሌሎቹ ጋር ታግደዋል። በድንጋጤ የነቃ ሰው አየር በረጅሙ ለመሳብ ሲሞክር ደረቱ አይነሣለትም፤ አንጎሉም የማይነሣውን ደረት የተጫኑት ደረት አድርጎ ይረዳዋል። ፍርሃትን የሚያስተናግደው አሚግዳላም በዚህ ምዕራፍ እጅግ ንቁ ስለሆነ ፍርሃቱ ይቀድማል፤ የሚፈራው ነገር በኋላ ይፈለግለታል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ሰው አለ» የሚለው እርግጠኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስዊዘርላንድ ውስጥ የነርቭ ሐኪሙ ኦላፍ ብላንከና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አሳተሙ። ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ትመረመር የነበረች የ22 ዓመት ሴት፣ ከግራ ጆሮዋ በላይ ወደ ኋላ ባለው የአንጎሏ ክፍል ላይ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ከኋላዋ ሰው እንዳለ ተሰማት። በጀርባዋ ስትተኛ እሱ ከሥሯ ተኝቷል። ተቀምጣ ጉልበቷን ስታቅፍ እሱም ተቀምጦ እሷን አቅፏታል፤ ይህም ደስ አላላትም። የሚነበብ ካርድ ሲሰጧት ሊነጥቃት እንደሚፈልግ ተናገረች። የዚያ «ሰው» አቀማመጥ ሁሉ የራሷ አቀማመጥ ነበር፤ እሷ ግን እሱ ራሷ እንደሆነች አልተገነዘበችም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የብላንከ ቡድን ተመሳሳይ ስሜት በጤነኛ ሰዎች ላይ ቀሰቀሰ፤ የራስ ቅል መክፈት አላስፈለገም። ዓይኑ የተሸፈነው ተሳታፊ ከፊቱ ያለውን መሣሪያ በእጁ ሲያንቀሳቅስ ከኋላው ያለ ሮቦት ጀርባውን ይነካዋል። ንክኪው ከእጁ እንቅስቃሴ ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይ አንዳንዶች በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ ተሰማቸው፤ ሙከራው ይቁምልን ያሉም ነበሩ። አንጎል «እኔ እዚህ ነኝ» የሚለውን ስሜት የሚጠብቀው ያዘዘውን እንቅስቃሴ ከተመለሰለት ስሜት ጋር በማስታረቅ ነው፤ ሁለቱ ሲጣሉ የራስ አካል የሌላ ሰው መስሎ ይሰማል። በዱካክ ጊዜም ትእዛዙ እየወጣ መልስ ስለማይመጣ ተመሳሳይ ነገር ሳይከሰት አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ይህ ግን ገና ግምት ነው።

አንጎል «አንድ ሰው» ብቻ ይሰጠናል፤ ማንነቱን የሚነግረን ያደግንበት ቤት ነው። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ አሮጊት ጠንቋይት ትባላለች፤ በግብፅ ጂን ይባላል። ግብፃውያንንና ዴንማርካውያንን ያነጻጸረ ጥናት በግብፃውያኑ ዘንድ ፍርሃቱ የበረታ፣ ቆይታውም የረዘመ ሆኖ አግኝቶታል፤ ጂን ሊገድለኝ መጣ ብሎ የሚያምን ሰው አብዝቶ ቢፈራ አይደንቅም። ክስተቱ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 35 ጥናቶችን ያጣመረ ግምገማ ከጠቅላላው ሕዝብ 7.6 በመቶ፣ ከተማሪዎች ደግሞ 28.3 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደደረሰባቸው አሳይቷል። አባቶች እንዲረዱልኝ የምፈልገው፣ መናፍስት አሉ ወይስ የሉም የሚለውን ጥያቄ በኤሌክትሪክና በሮቦት ልመልስ እንዳልመጣሁ ነው፤ የምናገረው ስለዚህ አንድ ክስተት አሠራር ብቻ ነው።

በእኛ አገር ጉዳዩ ከጫት ጋር ይያያዛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍን ያባርራል፤ አዘውትሮ የሚቅም ሰው ሲያቋርጥ የተጓደለው የሕልም እንቅልፍ በብዛትና በኃይል ይመለሳል፤ ዱካኩም አብሮ ይመጣል። ቃሚዎች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ችግሩ መፍትሔ ያሉት ነገር ነው፤ ዱካክ እንዳይመጣብኝ ብሎ ጥቂት የሚቅመው ሰው ለዚያች ሌሊት ያመልጣል፣ ለማቆም ያሰበበትን ቀን ግን እያራቀው ይሄዳል። ጫት ሊተው ለወሰነ ወጣት፣ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አስፈሪ ሊሆኑ እንደሚችሉና እንደሚያልፉ አስቀድሞ መንገር ከብዙ ምክር ይበልጣል እላለሁ።

ጫት ለማይቅመውም ቢሆን በቂና ሰዓቱን የጠበቀ እንቅልፍ መተኛት፣ በጀርባ ከመተኛት ይልቅ በጎን መተኛት ይረዳል። ሲይዝ መታገል ጭንቀቱን ያባብሳል እንጂ ስለማያስለቅቅ፣ ትንፋሽን ሳያስገድዱ አንዲት ጣት ለማንቀሳቀስ መሞከር ይሻላል። ዱካክ የሚደጋገምበት ሰው ቀን ቀን እንቅልፍ በድንገት የሚጥለው ከሆነ፣ ወይም ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ከሆነ፣ ናርኮሌፕሲ የሚባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ወዴትም ቢሄድ ሐኪም ዘንድም ይቅረብ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።