በልጁ ስም የሚጠራ አባት፦ ስለ አፖሎ ኮዠንዮቭስኪ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

በእኛ ዘንድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ ዛሬ ማታ የማነሳላችሁ ፖላንዳዊ ደራሲ ግን የሚታወቀው በልጁ ነው። «የጆሴፍ ኮንራድ አባት» ይባላል እንጂ፣ ከአገሩ ውጭ አፖሎ ኮዠንዮቭስኪ ብሎ በስሙ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ መጻፍ ሲጀምር የቤተሰቡን ስም ከመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ አስቀረው፤ አባትየውም አብሮ ተዘነጋ። እኔ ይህ ሰው ለብቻው ሊወሳ ይገባዋል ባይ ነኝ።

አፖሎ በ1820 ሲወለድ (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ፖላንድን ከተቀራመቷት ቆይተዋል። በ1857 አንድ ልጁ ሲወለድ ለክርስትናው ግጥም ጻፈለት፤ በርእሱም ላይ ሕፃኑ በሞስኮ ጭቆና 85ኛ ዓመት መወለዱን አሰፈረ። መቁጠር የጀመረው አገሩ መጀመሪያ ከተቆረሰችበት ከ1772 ነው። ለክርስትና ልጅ ከበድ ያለ ስጦታ ነው።

በ1861 ወደ ዋርሶ ሄዶ አመጽ ከሚያሰናዱት ጋር በምስጢር መሥራት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ በጥቅምት ተይዞ በከተማዋ ምሽግ ውስጥ ታሰረ። በግንቦት 1862 ከባለቤቱ ከኤቫና ከአራት ዓመቱ ልጃቸው ጋር በጥበቃ ሥር ወደ ሰሜን ሩሲያ፣ ወደ ቮሎግዳ ተጋዘ። ልብ በሉ፣ አመጹ የፈነዳው በጥር 1863 ነው፤ እርሱ ቅጣቱን የተቀበለው ጥይት ሳይተኮስ በፊት ነበር።

ከቮሎግዳ ለዘመዶቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ በዚህ ስፍራ ያሉት ወቅቶች ሁለት ብቻ ናቸው፣ ነጭ ክረምትና አረንጓዴ ክረምት፤ ነጩ ዘጠኝ ወር ተኩል፣ አረንጓዴው ሁለት ወር ተኩል ይቆያል ብሎ ቀለደ። የእኛ ክረምት አረንጓዴ ስለሆነ ቀልዱ ለጆሯችን ይገለበጥብናል፤ እርሱ ግን ያንን የጻፈው ዝናቡ ሳያባራ ሦስት ሳምንት በሞላው ጊዜ ነው።

በ1863 አየሯ ለዘብ ወዳለው ወደ ቼርኒሂቭ እንዲዛወሩ ተፈቀደላቸው። ለኤቫ ግን ረፍዶ ነበር፤ በሚያዝያ 1865 የሳንባ ነቀርሳ ገደላት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት በሐዘን የተሰበረ አባት፣ አንድ ልጅና የትርጉም ሥራ ነበሩ። አፖሎ ሁጎንና ሼክስፒርን ወደ ፖላንድኛ ይመልስ ነበር። ኮንራድ ካደገ በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ቀን አባቱ በሌለበት የጽሕፈት ጠረጴዛው ወንበር ላይ ተንበርክኮ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ የሼክስፒርን ትርጉም ልቅ ወረቀቶች ያነብ ነበር። አባቱ በር ላይ ቆሞ ሲያየው ቁጣ ጠበቀ፤ አባትየው ግን ገጹን ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ብቻ ጠየቀው።

አፖሎ ጤናው ተሟጦ በ1868 ከግዞት ተለቀቀና ኦስትሪያ ወደምትገዛው ወደ ልቮቭ፣ ከዚያም ወደ ክራኮቭ ሄደ። በግንቦት 1869 አረፈ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በወጣበት ቀብር ከፊት የሄደው የ11 ዓመቱ ልጅ ነበር። ልጁ አባቱ ሊሞት ሲል የእጅ ጽሑፎቹን ሲያስቃጥል በዓይኑ ስላየ፣ ሁሉም አመድ ሆኗል ብሎ አምኖ ኖረ። በ1914 ክራኮቭን ሊጎበኝ ተመልሶ ወደ ያጊየሎኒያን ቤተ መጻሕፍት ሲገባ፣ ከእሳቱ የተረፉ የአባቱ ጽሑፎችና ለወዳጁ የላካቸው ደብዳቤዎች በክብር ተቀምጠው ጠበቁት።