ለአዲስ ዓመት ዋዜማ በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን በሰላም አደረሳችሁ።

ነገ በቅዱስ ዮሐንስ እንደ ልማዳችን ባሕረ ሐሳቡ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ዘመን ቆጠራችን፣ ይታወጃል። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱ ተደምሮ ለአራት ይካፈላል፤ በቀሪው የዓመቱ ወንጌላዊ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ ወይም ዮሐንስ፣ ይታወቃል። ያ 5500 የተስፋ ዘመን ነው። አዳም በአምስት ቀን ተኩል እንደሚድን ተነግሮት የጠበቀው፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ። አባቶቻችን ዘመን የቆጠሩት እግዚአብሔር ቃሉን እንደሚጠብቅ ለመመስከር ነው።

ዛሬ ግን ቆጠራው ማስፈራሪያ ሆኗል። ስልካችሁን ክፈቱ፤ «ዓለም በዚህ ወር ያበቃል» የሚል አይጠፋም። አንድ ተማሪያችን ይህን ሰምቶ ፈተናውን ሳይቀመጥ ቀረ። የተባለው ቀን አለፈ። ሰባኪው ሌላ ቀን ቆረጠ፤ ልጁ ግን ዓመቱ ተቃጠለበት!

ነገሩ አዲስ አይደለም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አቡሊዲስ ዘሮሜ (ሂፖሊተስ) በ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በትንቢተ ዳንኤል ትርጓሜው ጽፎታል። በሶርያ አንድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ «ጌታን እንቀበል» ብሎ ምእመናኑን ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው በረሃ አወጣቸው። በተራራው ሲንከራተቱ አገረ ገዢው ሽፍቶች መስለውት ሊያስፈጃቸው ነበር። የገዢው ሚስት ክርስቲያን ነበረችና ባሏን ለምና አተረፈቻቸው። በጥቁር ባሕር ዳር ባለችው በጶንጦስ ደግሞ ሌላ አለቃ፣ ትሑት ሰው ነው ይለዋል፣ ሕልም አየና «ፍርድ በዓመት ውስጥ ነው» አለ። ሰው እያለቀሰ እርሻውን ተወ። ብዙው ንብረቱን ሸጠ። ዓመቱ ሞላ፤ ምንም የለም። ደናግሉ አገቡ፣ ገበሬው ወደ ማሳው ተመለሰ፣ ንብረቱን የሸጠው ለልመና ወጣ።

አቡሊዲስ ራሱ ዘመን ቆጣሪ ነበር። የክርስቶስን ልደት ከአዳም ጀምሮ በ5500 ዓመት ያስቀመጠ ሊቅ ነው። ያም ሆኖ እነዚህን ሰዎች መጻሕፍትን ትተው ሕልማቸውን አመኑ ብሎ ገሠጻቸው። እኛስ ስለ ምን ዝም እንላለን?

አባቶች ስለ ዘመን ያስተማሩት ግን ፍርሃትን አይደለም። የ2ኛው መቶ ዘመን አባት ሄሬኔዎስ ክርስቶስ ሕፃንነትን፣ ወጣትነትን፣ ጉልምስናን ሁሉ ያለፈው እያንዳንዱን ዕድሜ ሊቀድስ ነው ብሏል። የሂፖው አውግስጢኖስም ዘመን እንደ መንኮራኩር ይዞራል የሚሉትን ተከራክሯል፤ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን የሞተው አንድ ጊዜ ነውና። ሐዋርያው ጳውሎስም «እነሆ፥ የመዳን ቀን አሁን ነው» አለ። የዛሬው ጸሎት፣ የዛሬው ንስሐ፣ የዛሬው ትምህርት ማለት ነው።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያችንን እንጠይቃለን። ቀን የሚቆርጥ ሰባኪ በዚህ ዐውደ ምሕረት አይቁም። ባሕረ ሐሳብም ከጥቅምት ጀምሮ ለልጆቻችን ይሰጥ። መምህር አለን፣ ክፍሉም ባዶ ነው።