ስለዚያች ቀዳዳ

እሺ… እየቀረጸ ነው? ቀይዋ በርታለች። ሰላም ናችሁ። ባጃጇ ሳትመጣ ቶሎ ቶሎ ልበል። ባለፈው ድምጿ ቅጂው ውስጥ ስለገባ ስለ ባጃጇ «ዋናዋ አዘጋጅ እሷ ናት» ብላችሁ የጻፋችሁትን አይቻለሁ፣ አመሰግናለሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። የተዘጋጀ ነገርም የለም። ያለችው አንዲት ቀዳዳ ናት። የወስፌ ቀዳዳ።

ባሕር ዳር የዕድገት ውስንነት ያለባቸው ጎልማሶች ሥዕልና ሸክላ የሚሠሩበትን ግቢ ታውቁታላችሁ። እዚያ ያ ወንድማችን፣ ስም አንጠራም ተባብለናል፣ ባለ ሰማያዊ ኮፍያው፣ ጀበና ይሠራ ነበር። ጀበና ነው ያልነው እኛ ነን እንጂ እሱ እንኳን ምንም አላለም። ታችኛውን ክፍል ከግማሽ ኪሎ ጭቃ በአውራ ጣቱ እየፈለፈለ አወጣው። በላዩ ላይ የተድቦለቦለ ጭቃ እያዞረ ደረበ፣ መጋጠሚያውን ከውስጥም ከውጭም አሸው። ግድግዳው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ዙሪያውን እኩል። ማንም ሸክላ ሠሪ የማያፍርበት። አንገቱ ጋ ሲደርስ ግን አንገት የለም። አፉን ወደ ውስጥ ሰበሰበ፣ ሰበሰበ፣ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ድፍን። አስቀመጠውና ውሃ ሊጠጣ ተነሣ።

እዚያ የምታግዛቸው ረዳቷ ወስፌ አነሣች፣ ገለበጠችው፣ ከሥሩ ጠቅ። በቃ፣ አንድ ሰከንድ አይሞላም። በክፋት እንዳይመስላችሁ፤ ሥራው እንዲተርፍለት ብላ ነው። እሱ ተመለሰ። ሳይቀመጥ ገለበጠው፣ እንዴት እንዳወቀ እንጃ፣ ቀዳዳዋን አያት፣ ጣቱን ውሃ ነክሮ ደፈናት። «ይፈነዳል እኮ!» አለችው። «እሺ» አላት። ወጋችው። ደፈነው። «ይፈነዳልሃል፣ ይሰበራል፣ ታዝናለህ።» «እሺ።» እሺ እያለ ይደፍናል። ሳይቆጣ፣ ሳይሟገት። እሷም መጨረሻ ላይ ወስፌውን ይዛ ቆመች።

አሁን ረዳቷ ልክ ናት ወይ? በሸክላው በኩል ወደ ልክ ትጠጋለች። የሚሰጠው ምክንያት ግን ልክ አይደለም። «ውስጡ አየር ስላለ ይፈነዳል» ይባላል አይደል? አየሩ ብቻውን ብዙም አያስፈራም፤ ያልተቃጠለ ጭቃ ለዓይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ነው፣ ቀስ ተብሎ ከተሞቀ አየሩ ሾልኮ ይወጣል። የሚያፈነዳው ውሃ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግድግዳው ውስጥ የቀረ እርጥበት እዚያ ላይ እንፋሎት ይሆናል፣ ቦታ ይፈልጋል፣ መውጫ ካጣ ግድግዳውን ገንጥሎ ይወጣል። ድፍን ነገር ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚደርቀው፣ በውጭ። የውስጡ እርጥበት ግድግዳውን አቋርጦ መምጣት አለበት። አፉ ክፍት የሆነ ድስት በአንድ ሳምንት ከደረቀ ለድፍኑ ሁለት ሦስት እጥፍ ስጡት። ክረምት ላይማ ጭራሽ አታስቡት።

መድረቁን ለማወቅ ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። ከቀዘቀዛችሁ ገና ነው፣ ውሃ እየተነነ ነው። ጉንጭ ይዋሻል የምትሉ በየቀኑ ሚዛን ላይ አውጡት፣ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ይሄን ሚዛን ላይ ማውጣት ደግሞ እዚያ ግቢ ውስጥ የአንዷ እኅታችን ሥራ ነው፣ ከእሷ ሌላ ማንም ሚዛኑን አይነካም። አንድ ግራም አጓድላ የማታውቅ ሰው ናት። ነጋዴ ብትሆን… ተዉት።

እና ያ በጣት የተደፈነው ቦታ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ይኮማተራል ማለት ነው። እርጥብ ጭቃ እየጠነከረ ባለ ጭቃ ላይ ሲለጠፍ አዲሱ ብዙ ይሸሻል፣ አሮጌው ትንሽ፣ ዙሪያውን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። ስለዚህ ደፈንኩ ያለው ምናልባት አልተደፈነም። ስንጥቋ ራሷ መተንፈሻ ትሆናለች ማለት ነው። (ሳቅ) እሱን ለረዳቷ አልነገርኳትም።

ስለ መሸሽ ካነሣን፣ ጭቃው ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ትጠይቃላችሁ። ጣና ዳር ጥቁሩን ዋልካ ዝም ብላችሁ ቆፍራችሁ አትሥሩበት። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ መሬት ላይ እንኳን እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚያወጣ አፈር ነው። መጀመሪያ ለኩት፦ አንድ ጠፍጣፋ ጭቃ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር ጫሩ፣ አድርቁ፣ መልሳችሁ ለኩ። 9 ከሆነ አሥር በመቶ ሸሽቷል፣ ለጀማሪ እጅ ብዙ ነው። አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ጨምሩበት፣ ለአራት ጣሳ ጭቃ አንድ ጣሳ ገል። ገሉ መሸሹን ይቀንሳል፣ እርጥበቱም እንዲወጣ መንገድ ይከፍታል፣ እሳትም ያስችላል። ብቻ በደንብ ይነፋ፣ ሻካራ ከሆነ ስስ ቆዳ ያለው ሰው እጁን ይልጠዋል።

ደግሞ እጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ዳውን ሲንድሮም ያለው ሰው ጡንቻው ላላ ያለ፣ መገጣጠሚያው የሚተጣጠፍ፣ ጣቱም አጠር ያለ ይሆናል፤ ለእሱ ጭቃው ለስለስ ይበል፣ ጠረጴዛው ክርኑ ላይ ይድረስ፣ እግሩ አየር ላይ እንዳይንጠለጠል ብሎኬት ይግባለት። እግር መሬት ካልያዘ ጣት ኃይል የለውም። ሴሬብራል ፓልሲ ላለበትና እጁ ለሚገተርበት ደግሞ ከሥራው ሥር እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ አይንሸራተትም። ለብሩሹ እጀታ የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጣችሁ ጠቅልሉ፣ ባሕር ዳር ብስክሌት ሞልቶ! ኦቲዝም ካለባቸው መካከል እርጥብ ነገር እጃቸውን ሲነካ የሚጨንቃቸው አሉ፤ ግድ አትበሉ፣ በእንጨት ቢላ ይሥሩ፣ መታጠቢያ ባልዲው አጠገባቸው ይሁን። ወደ አፉ የሚከት ሰው ካለ ምንነቱን የማታውቁትን የቀለም ዱቄት ክፍሉ ውስጥ አታስገቡ። አቧራውን በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሳንባ ነው።

የት ነበርኩ… ድፍኑ። አዎ።

ውስጡ የሆነ ነገር ከትቶ ይሆን እንዴ ያለ ሰው አለ። ነቀነቁት፣ ድምፅ የለም። ድምፅ አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም። እርጥብ ጭቃ ውስጥ እርጥብ ድብልብል ብትከቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የሚንኳኳ ነገር የሚፈልግ ሰው ድብልብሏን መጀመሪያ አድርቆ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ነው የሚከታት፤ ወረቀቱ እሳት ውስጥ ይጠፋል፣ እሷ ነፃ ትቀራለች። ስለዚህ ሊኖር ይችላል። ላይኖርም ይችላል።

ጁዲት ስኮት ትዝ ትለኛለች። እንደ ፈረንጆቹ በ1943 የተወለደች አሜሪካዊት ናት፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባት፣ መስማት የማትችል፣ በሰባት ዓመቷ ተቋም ገብታ እዚያ አሥርት ዓመታት የኖረች። በ1987 ኦክላንድ የሚገኘው ክሪኤቲቭ ግሮውዝ የሚባለው የአካል ጉዳተኞች የጥበብ ማዕከል ገባች። ሥዕሉም አልሳባት። በኋላ ክር አገኘች፤ ያገኘችውን ዕቃ በክር ትጠቀልላለች፣ ትጠቀልላለች፣ ውስጡ ያለው እስኪጠፋ ድረስ። በ2005 እስክትሞት ሠራች። ሥራዎቿ ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች አሉ። «ቆይ ውስጡ እንዲታይ ቀዳዳ እንተው» ያላት ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን የክር ሥራ እሳት ውስጥ አይገባም፣ አይፈነዳም፣ የጎረቤት ጀበና አይሰብርም! እዚህ ላይ ነው የሚያስቸግረኝ።

እሳቱ የጋራ ነዋ። እማማ፣ ታውቋቸዋላችሁ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ገል ፈጭተው የሚያመጡልን፣ የእሳቸው ምጣድና ጀበና ከእነሱ ሥራ ጋር አብሮ ነው የሚቃጠለው። ሥራው ሁሉ መጀመሪያ እሳት ዳር ለሰዓታት ይሞቃል፣ አፉን ደፍቶ። ከዚያ እንጨት ከታች፣ ኩበት በዙሪያና በላይ፣ ጭድ፣ ላዩን ትልልቅ ገል። ጠዋት በማለዳ ነው፣ ቀን ላይ ከሐይቁ ነፋስ ይነሣል፣ በአንድ በኩል እሳቱን ያነደዋል፣ በዚያ በኩል ያለው ሁሉ ይሰነጠቃል። የሜዳ እሳት ደግሞ ልጓም የለውም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ መቶ ዲግሪ ይዘላል። ድፍኑ እዚያ መሃል ቢፈነዳ ስብርባሪው ሌላውን ይመታል። የሰው እንጀራ ነው። እማማም «በኔ እሳት አይገባም» ብለዋል፣ ያለ ምክንያት አይደለም።

እማማን ካነሣሁ አይቀር… ቤተሰብ ግቢው ሲመጣ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «ሥዕሉን ይሣል፣ ጭቃውን ግን ተዉት።» ሥዕል ክብር አለው፣ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ የዘጌ ነው። ሸክላ ሠሪን ደግሞ አገሩ ስንት ዘመን ቡዳ እያለ ሲገፋ ኖሯል። በዕድገት ውስንነቱ ከሰው ዓይን ተደብቆ የኖረን ጎልማሳ ሌላ የሚያሸማቅቅ ስም አንጨምርበት ነው ነገሩ። ያሳዝናል፣ ደግሞ ያናድዳል፣ ደግሞ… እናትየዋን አያታለሁ፣ ምን ልበላት? እማማ ግን ሰምተው ሳቁ። «የኔን ጀበና ታጥባ የለ?» አሉ።

ሥዕሉ ላይ ፍርዱ ቀላል ነው። ዘጌ ባለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግድግዳ ላይ እንዳለው፣ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። ያቺ ሚዛን የምትይዘው እኅታችን ሰውን ሁሉ በጎን ነው የምትሥለው። እናቷንም፣ ራሷንም። አንድ ጎብኚ «ሁለተኛ ዓይን ጨምሩላት» አለ። አይጨመርም! ወረቀት አይፈነዳማ። የማንም እጅ አይግባበት፣ አለቀ። ጭቃው ላይ ነው አፌ የሚያያዘው። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው፣ ያው በፈረንጆቹ፣ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30 የፈጠራና የጥበብ ችሎታቸውን የሚያዳብሩበት ዕድል ይሰጣቸው ይላል። ስለ ወስፌ ግን ምንም የለበትም።

(ባጃጅ) መጣች። ሰላም እመቤቴ።

መንገድ ጠፍቶ አይደለም። ሁለት ትናንሽ ድፍን ሠርቶ አንዱን ወግቶ፣ አንዱን ሳይወጉ፣ በተሰበረ ማድጋ ከድኖ፣ ራቅ ብሎ እሱ እያየ ማቃጠል ይቻላል። በቃል «ይፈነዳል» ማለትና ሲፈነዳ ማየት አንድ አይደሉም። ከዚያ ወስፌውን ለራሱ መስጠት። ወይም ድፍኑን በደንብ ማድረቅ፣ ቀኑን ሙሉ ከምጣድ ላይ በትንሽ እሳት ማሞቅ፣ ከዚያ ለብቻው ማቃጠል፤ ይተርፋል ብዬ ግን አልምልም። ወይም ጭራሽ አለማቃጠል። ጥሬ ሸክላ ውሃ ካልነካው ይቀመጣል። ቆይ… ይቃጠል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው ራሱ አለ እንዴ? ምናልባት እሱ ሥራውን ዘግቶ ጨርሷል። ወይም እኛ ነን ትርጉም የምንሰጠው። ረዳቷም ብትሆን በሚቀጥለው ቀን ወስፌውን መሳቢያ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው፣ ተስማማች ይሁን ሰለቻት…

ለማንኛውም ሰኔ ሳይገባ መወሰን አለበት፣ እርጥበቱ ከመጣ ወሬውም የለም። ኩበቱም ተወዷል። ኩበቱን ራሱ ማን ነው የሚገዛው? አያችሁ፣ ስለ ገንዘቡ አላወራሁም እኮ። አንገቱ በሰው እጅ የተቃናለት ጀበና ሲሸጥ ብሩ… እ… አይ፣ እሱን አሁን ከጀመርኩት አንጨርስም፣ ባትሪውም…