የያናካ ጎረቤቶቼ

ጤና ይስጥልኝ!

ለትምህርት ወደ ቶኪዮ የምትሄዱ ልጆች፣ ስለ ፈጣኑ ባቡር አልነግራችሁም። እሱን ዩቲዩብ ላይ ጠግባችኋል። እኔ የማወራችሁ ስለኖርኩበት የቶኪዮ ሰፈር፣ ስለ ያናካ ነው።

ያናካ ከኒፖሪ ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1945 ደግሞ የአየር ድብደባ ቶኪዮን ሲያነድዳት ይህ ሰፈር በአብዛኛው ተርፏል። ለዚህ ነው መንገዱ ጠባብ የሆነው፤ የእንጨት ቤትና የቡድሃ ቤተ መቅደስም ሞልቶታል። ለመኪና አይመችም። ለድመት ግን ገነት ነው።

በገባሁ ሰሞን ቆሻሻዬን ያለ ቀኑ አወጣሁ። ከሰዓት ስመለስ ፌስታሌ በራፌ ላይ ቁጭ ብሏል። ጎረቤቴ፣ ሰማንያን ያለፉ እናት፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ይጠብቁኛል። አልተቆጡም። የሰፈሩን የቆሻሻ ፕሮግራም አወጡና ቀኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ከዚያ ከሽርጣቸው ኪስ ሦስት መንደሪን አውጥተው ሰጡኝ። አፈርኩ። ማታ ሳስበው ግን ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ፌስታሌን የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነዋ!

ጃፓኖች «ከፊት ሦስት ቤት፣ ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ» ይላሉ። የቅርብ ጎረቤት ማለት እነዚህ አምስቱ ናቸው። ካይራንባን የሚሉት የሰፈር ማስታወቂያ አለ፤ ከቤት ቤት ይዞራል። አንብበህ፣ ምልክት አድርገህ ለሚቀጥለው ታቀብላለህ። የእድር ጡሩምባ በሉት፣ ድምፅ የለውም እንጂ። እኔ ጽሑፉን ማንበብ አልችልም ነበር። ግን ይዤው በር ሳንኳኳ እናቲቱ በምልክት ያስረዱኛል። ሻይም አይቀርም።

አመሻሽ ላይ ወደ ገበያው መንገድ፣ ወደ ያናካ ጊንዛ፣ የሚያወርደው ደረጃ አናት ላይ ቆሜ ጀምበር ስትጠልቅ አያለሁ። በእጄ ትኩስ ሜንቺካትሱ፤ የተፈጨ ሥጋ በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የተጠበሰ። ምላስ ያቃጥላል፣ ተጠንቀቁ።

ሁሉም ማር አይደለም። የእኔ ቤት ክረምት ላይ ፍሪጅ ነበር። ስንት ሰዓት እንደገባሁም ሰፈሩ ያውቃል። ይህ የሚከብደው ሰው ኮንዶሚኒየም ይፈልግ። እናንተ ግን ከቻላችሁ እንዲህ ያለ ሰፈር ተከራዩ።

የመጨረሻው ሳምንት ቆሻሻዬን በቀኑ አወጣሁ። ቆሻሻው ላይ የሚጣለውን መረብም ቁራ እንዳይገልጠው አስተካክዬ አለበስኩት። ዞር ስል እናቲቱ ከነመጥረጊያቸው ጎንበስ አሉልኝ። እኔም ጎንበስ አልኩ።

አመሰግናለሁ።