የተሰነጠቀ የካርቦን ብስክሌት በኢፖክሲ ሲጠገን፦ ጭቃውና ጭዱ

ሰላም ወዳጆቼ! እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ጠረጴዛው ላይ የተኛው የብስክሌት ፍሬም ነው። ካርቦን ፋይበር። እዚህ ጋ፣ የላይኛው ቱቦ ላይ፣ ከኮርቻው አንድ ስንዝር ወደፊት፣ ይህቺን ቀጭን መስመር አያችኋት? ጥፍሬን ሳስኬድባት ትይዘኛለች። ብስክሌቱ ከተደገፈበት ተንሸራቶ ከብረት አጥር ጋር ተላተመ። በቃ፣ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ግን የተሰነጠቀው ቀለሙ ነው ወይስ ካርቦኑ? ሳንቲም አውጡ። አንድ ብር ይበቃል።

[ሳንቲም ቱቦውን ሲያንኳኳ]

ጤነኛው ቦታ ላይ፣ ስሙ፦ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ጥርት ያለ ነው። አሁን ወደ መስመሯ ልጠጋ። ቲክ፣ ቲክ... ዱፍ። ሰማችሁ? ዱፍ። የታፈነ ድምፅ። እዚያ ጋ ውስጡ ያለው ድርብርብ ተላቅቋል። ደግሞ ዱፉ ከመስመሯ ሁለት ጣት ያህል አልፎ ይሄዳል። ዓይን ያላየውን ጆሮ ያዘው። በጠመኔ ክበቡት።

እሺ፣ ካርቦን ፋይበር ምንድን ነው? ብዙ ሰው ጠንካራ ጥቁር ፕላስቲክ ይመስለዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የጭቃ ቤት ነው። አዎ፣ የጭቃ ቤት! ትንሽ ታገሡኝ፣ ይህን ምሳሌ በጣም ነው የምወደው።

አያቴ ቤት ምርጊት ሲደርስ እኛ ልጆች ሱሪያችንን ሰብስበን ጭቃ እንረግጥ ነበር። አፈር፣ ውሃ፣ የጤፍ ጭድ። ይረገጣል፣ ይቦካል፣ ለቀናት ያድራል፣ እንደገና ይረገጣል። አያቴ ጭዱ ካነሰ ዝም አትልም። «ጭድ ጨምሩ፣ ኋላ ይሰነጠቅና ታዩታላችሁ!» ትለናለች።

ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ጭድ ብቻውን ነፋስ ይወስደዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ስንት ክረምት የሚያሳልፍ ግድግዳ ይወጣቸዋል። ከአሮጌ ግድግዳ የወደቀ ጭቃ አንስታችሁ ሰብራችሁ ታውቃላችሁ? ቀጭ ይላል፣ ለሁለት ይከፈላል፣ ግን አይለያይም። አንዱ ቁራጭ ከሌላው ላይ በጥቂት የጤፍ ጭድ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህን ምስል ያዙልኝ። ጭቃው ተሰብሯል። የያዘው ጭዱ ነው።

ካርቦኑ ጭዱ ነው። ኢፖክሲው፣ ማለትም ሬዚንና ማድረቂያ የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክሩት ሙጫ፣ ጭቃው ነው። ሸክሙን የሚሸከመው ጭዱ ነው። የጭቃው ሥራ ጭዱን በቦታው መያዝና ሸክሙን ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ማሻገር ነው። የእኛ ጭድ ግን በጣም ቀጭን ነው። የአንዱ ክር ውፍረት ከ5 እስከ 7 ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር አንድ አሥረኛ ገደማ። «3ኬ» የሚባለው ጨርቅ አንዱ ፈትል ውስጥ 3,000 እንዲህ ያሉ ክሮች አሉ።

ታዲያ የተሰነጠቀ ግድግዳ እንዴት ነው የሚጠገነው? ስንጥቁ ላይ ቀጭን ጭቃ ለቅልቆ መሄድ ነው? አይደለም! የላላው ይፋቃል። ዙሪያው ይሻከራል። ከዚያ ጭድ ያለው ጭቃ ከስንጥቁ ሰፋ ተደርጎ ይመረጋል። ስንጥቅ ውስጥ ኢፖክሲ አፍስሰው «ጠገንኩ» የሚሉ ልጆች ሳይ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ያፈሰሱት ጭድ የሌለው ጭቃ ነው። በዚያ ብስክሌት ደግሞ ሰው ነው ቁልቁለት የሚወርደው።

እንዲህ ያለ ነገር ይጠገናል ወይ ለምትሉ፣ የአየር መንገዳችንን ድሪምላይነር፣ ቦይንግ 787ን፣ አስታውሱ። የክብደቱ ግማሽ ያህሉ እንዲህ ካለው ድርብርብ የተሠራ ነው። «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው አውሮፕላን ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ቆማ ሳለ ከጅራቷ አጠገብ የላይኛው አካሏ ተቃጠለ። እዚያው ተጠግና በታኅሣሥ 2006 ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እነሱ መሣሪያውም መሐንዲሱም አላቸው። የእኛ አንድ ቱቦ ነው። ግን ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው ልገባ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ደጋግማችሁ የጻፋችሁልኝን ነገር ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። «ማድረቂያውን ጨመር ካደረግነው ቶሎ ይደርቃል አይደል?» አይደለም። አይደለም፣ አይደለም!

ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ጋራዥ የሠራችሁ ስቱኮ ታውቃላችሁ፣ የተጎዳ የመኪና ገላ የሚሞላበትን። ከትንሿ የማድረቂያ ቱቦ ትንሽ ጨመር ሲደረግ ቶሎ ይጠነክራል፣ ቀነስ ሲደረግ ይዘገያል። እውነት ነው። ስቱኮው ግን ፖሊስተር የሚባል ሌላ ዓይነት ሬዚን ነው። የሚጨመርበት ከ1 እስከ 2 በመቶ አካባቢ ነው፣ ሥራውም የክብሪት ሥራ ነው። እሳቱን ይለኩሳል። አንድ ክብሪት ጫርክ ሁለት፣ የሚነደው ያው እንጨት ነው።

ኢፖክሲ ላይ ማድረቂያው ክብሪት አይደለም። እሱ ራሱ እንጨቱ ነው። እያንዳንዱ የማድረቂያ ሞለኪውል የሚጨብጠው የሬዚን እጅ ይፈልጋል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው መረቡን የሚሠሩት። ማድረቂያው ሲበዛ የሚጨብጠው አጥቶ ውስጥ ይቀራል። ሬዚኑ ሲበዛም እንደዚያው። የሚወጣው ለስላሳ፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልኩን የሚጣበቅ ነገር ነው።

እንዲያውም ያሳሳተን ስሙ ይመስለኛል። «ማድረቂያ» እንላለን። ግን ምን ደረቀ? ከኢፖክሲ እንደ ጭቃው ውሃ አይወጣም። የሚተን ነገር የለም። መያያዝ ነው እንጂ መድረቅ አይደለም። ምሳሌዬም እዚህ ላይ ያበቃል፦ ጭቃ ይደርቃል፣ ኢፖክሲ ይያያዛል።

ስለዚህ መጠኑ ጣሳው ላይ የተጻፈው ነው። የዌስት ሲስተም 105 ሬዚን ከ205 ማድረቂያ ጋር 5 ለ 1 ነው። ለዚህ ጥገና 30 ግራም ሬዚን ብወስድ ማድረቂያው 6 ግራም ነው። ከ6 ግራም ላይ አንድ ግራም መሳት ትልቅ ስህተት ነው! የወጥ ቤት ሚዛን አይበቃም። ወርቅ ቤት እንደሚጠቀሙባት፣ የግራም አሥረኛ የምታነብ ትንሽ ሚዛን ያዙ። ቶሎ እንዲጠነክር ከፈለጋችሁ አሙቁት፣ ወይም ከዚያው አምራች ፈጣኑን ማድረቂያ ግዙ።

ይህ ከጠቀማችሁ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ስቱኮ ለሚወድ ጓደኛችሁም ላኩለት።

አሁን ፈጠን ልበል፣ መቁረጥና መቀባቱን ታውቁታላችሁ። ቀለሙ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። የተሰነጠቀው ድርብርብ ተፍቆ ይወጣል፣ ዙሪያው እንደ ዳገት ቀስ እያለ ይሳሳል። ውኃ እያስነካችሁ ፈግፍጉ፣ ማስክ አድርጉ፤ ያ ጥቁር ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። ሲደርቅ በአሴቶን ጥረጉ፣ ከዚያ በባዶ እጅ አትንኩት። የዚህ ቱቦ ግድግዳ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝነው ጨርቅ አራት ድርብ ይበቃዋል። እያንዳንዱ ድርብ ከሥሩ ካለው በየአቅጣጫው 12 ሚሊ ሜትር ይስፋ። ከአራቱ ሁለቱን ከቱቦው አቅጣጫ በ45 ዲግሪ አዙሩ፣ ፔዳል ሲረገጥ ፍሬሙ ይጠመዘዛልና። ጓንት! ኢፖክሲ አለርጂ ካስያዘ አይለቅም።

ጨርቁ በሬዚን ከራሰ በኋላ ሬዚን የማይዘው ስስ የናይለን ጨርቅ ይደረባል። በላዩ ናስትሮ፣ ሙጫው ወደ ውጭ ሆኖ፣ ጥብቅ ተደርጎ ይጠመጠማል። በመርፌ ቀዳዱት። አያችሁ በየቀዳዳው እንደ ላብ ብቅ የሚሉትን ጠብታዎች? ትርፍ ጭቃ ነው። ይውጣ። እዚያ ቢቀር ክብደት እንጂ ጥንካሬ አይሆንም። የተረፈውንም ኩባያ ውስጥ ተከማችቶ አትተዉት፤ ይግላል፣ ይጨሳል።

ሌላው ብርድ ነው። እኔ አንዴ አዲስ አበባ በክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ማታ ሠርቼ ተኛሁ። ጠዋት ጣቴን ሳስነካው ይጣበቃል። መጠኑ ልክ ነበር። የክፍሉ ብርድ ነበር ያሰረው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ጊዜው በግማሽ ያህል ያጥራል። አሁን በካርቶን ሸፍኜ፣ የድሮውን የሚሞቅ አምፖል አራቅ አድርጌ አበራበታለሁ፣ አጠገቡም እቀመጣለሁ።

ፎርክ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ)፣ መሪ፣ የመቀመጫ ዘንግ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን እንዳትነኩት። ይቀየር። ሲሰበሩ ሳይነግሩ ነው፣ ጥርስም አንገትም ይዘው ይሄዳሉ። ቱቦው አሉሚኒየም የሚነካበት ቦታ ካለ ደግሞ መሃሉ አንድ ድርብ የመስታወት ፋይበር አስገቡ፤ ካርቦን ሲነካው አሉሚኒየሙ ይበላል።

[ናስትሮው ሲፈታ]

ይኸው፣ ማግስቱ ነው። ናይለኑ ተላጠ። ገጹ ደብዝዟል ግን ጠንካራ ነው፣ ጥፍር አይገባውም። ፀሐይ ኢፖክሲን ስለሚጎዳ የመኪና ክሊር፣ ያ ቀለም የሌለው መከላከያ ቫርኒሽ፣ ይቀባል። ለመንዳት ግን ሰባት ቀን ይጠብቃል። ሳንቲሟ የት አለች? ስሙልኝ። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ።