ወፍራም ቆዳ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው፤ «ቲክ» ስለምትባለው፣ በእኛ «ወፍራም»። በዚህች ቃል አንድ ጊዜ ሰው አስቀይሜያለሁ።

ቻይና ውስጥ፣ ቲያንጂን ከተማ ስማር ማታ ማታ አንዲት ቻይናዊት እንግሊዝኛ አስጠና ነበር። መጀመሪያ የታገልነው ከአጠራሩ ጋር ነው። የቃሉ መነሻ ድምፅ በቻይንኛ ስለሌለ እሷ «ሲክ» ትለዋለች፤ በሽተኛ ማለት ይሆናል። በአማርኛም የለም፤ እኔ «ቲክ» ስል መዥገር ይሆናል። በሽተኛና መዥገር ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንሳሳቅ አመሸን።

ትርጉሙ ላይ የተዘናጋሁት እኔ ነኝ። እኛ መጽሐፉንም፣ ገመዱንም፣ አጥሚቱንም ወፍራም እንላለን፤ እንግሊዝኛም እንዲሁ። ቻይንኛ ግን ለያይቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ መጽሐፍና ብርድ ልብስ «ሆው»፣ ገመድና የዛፍ ግንድ «ጹ»፣ ጉምና ሾርባ «ኖንግ» ናቸው። ቅጠል የበዛበት ሻይም «ኖንግ» ነው። ስለዚህ ተማሪዬ «ቲክ ሻይ እወዳለሁ» ብላ ጻፈች፤ እኔም ትክክል ነው ብዬ አለፍኩት! እንግሊዝኛው ሻዩን «ስትሮንግ» ይለዋል፣ ብርቱ እንደማለት። አቦል ወፍራም፣ በረካ ቀጭን ሲባል ላደገ ጆሮ ስሕተቱ ከየት ይሰማዋል? ሰውን በዚህ ቃል መጥራትማ ይቅርባችሁ። እኛ ወፍራም ስንል ስለ ሥጋው ነው፤ ብሪታንያ ውስጥ ግን «ደደብ» ብላችሁ ሰድባችሁታል።

አንድ ምሽት ተማሪዬ የክፍል ጓደኞቿ እየሳቁባት በእንግሊዝኛ ንግግር አድርጋ እንደ ጨረሰች ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ «ቆዳሽ ወፍራም ነው!» አልኳት፣ በእንግሊዝኛ። በእንግሊዝኛ ትችት የማይበግረው ሰው የሚመሰገንበት አነጋገር ነው። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጆሮዋ ቀላ።

«ላኦሺ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ላኦሺ መምህር ማለት ነው።

ለካ በቻይንኛ «ሊያን ፒ ሆው»፣ የፊቱ ቆዳ ወፍራም የሆነ ሰው፣ እኛ ዓይነ ደረቅ የምንለው ሐፍረተ ቢስ ነው። እስካስረዳት ድረስ ላብ አጠመቀኝ።

በሳምንቱ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ መጣችና እየቀዳችልኝ «ላኦሺ፣ ይህ እኮ ስትሮንግ ነው የሚባለው፤ ለምን አላረምከኝም?» አለችኝ። አኮረፍኩ፤ ያውም ሻዩን እስክጨርስ ድረስ።